የቮልስ አርባ ሰባት በር

ጋራዡ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይፈርሳል። አቶ መድኃኔ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ለምሳ ብዬ ከቢሮ የወጣሁት ስድስት ተኩል ላይ ነው፤ ሰባት ተኩል ላይ ወንበሬ ላይ መገኘት አለብኝ። እንደማልገኝ ከአራት ኪሎ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አውቄዋለሁ።

ጉዳዩ የአባቴ ቮልስ ነው። አባቴ እምሩ በስልሳ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ደርሶ መልስ ራሊ ተወዳድሮባት ሁለተኛ ወጥቷል። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እሷ እሪ በከንቱ፣ ጋሽ ዘይኑዲን ጋራዥ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሊብሬው በኔ ስም ዞሯል። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ማቆሚያ የለኝም። ነገ ጠዋት ከግቢው ያልወጣ ብረት ሁሉ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል ተብለናል።

የድሮ የውድድር መኪና የሚሰበስብ አንድ ማህበር አለ። አዳራሽ አላቸው፣ መዝገብ አላቸው። ሦስት ወር ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ ጻፉልኝ፦ ባለሙያ ልከን እናያታለን፤ እውነተኛ ከሆነች በዚያኑ ቀን በራሳችን መኪና ጭነን እንወስዳለን። የሚልኩት ባለሙያ አቶ መድኃኔ ነው።

«እውነተኛ» የሚለው ነው ጣጣው። ቮልስ አዲስ አበባን ሞልቷታል። ቁጥር ለጥፎ «ይቺ እኮ ራሊ የሮጠች ናት» የሚለው መዓት ነው። የዚያን ጊዜው ክለብ ወረቀት በአብዮቱ ሰሞን የት እንደገባ አይታወቅም። ፎቶዎቹን እማዬ በስልሳ ሰባት አቃጥላቸዋለች፤ የውድድር መኪና ያለው ሰው ፊውዳል ይባል ነበር። አባቴ ደግሞ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ አስቀባት። ከሰማያዊው በታች ግን የድሮው አለ፦ አርባ ሰባት ቁጥር፣ በግራ በር የነጂው ስም፣ በቀኝ በር የካርታ አንባቢው ስም። ያለን ማስረጃ በሩ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤው «እስክናያት ድረስ ቀለሟ እንዳይነካ» የሚለው። ይህቺን መስመር ለጋሽ ዘይኑ በስልክ ሁለት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ።

ካርታ አንባቢዋ እማዬ ናት። ማንም አያውቅም። አባቴን የሚያስታውስ ሽማግሌ ፒያሳ ላይ ዛሬም አይጠፋም፣ እሷን የሚያስታውስ የለም። «ስሜ ቀኝ በሩ ላይ ተጽፏል» ትላለች፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ዛሬ መጥታ ልታየው ነው።

*

እሪ በከንቱ ስደርስ ሰፈሩ ግማሹ የለም። ቆርቆሮ ይነቀላል፣ ሰው ፍራሽና ቁምሳጥን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ከላይ በኩል ኤክስካቫተሩ ጀምሯል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ገባሁ።

ሸራው የለም። ቮልሷ ነጭ ናት። ፊቴን የማይባት ነጭ።

ጋሽ ዘይኑዲን ጎማ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ሃምሳውን ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጡ፣ ቀለም ሲረጩ ነው የኖሩት።

«ጋሽ ዘይኑ። ምንድነው ያደረጉት?»

«ምነው፣ አላማረችም?»

«ሙሽራ ልትጭን ነው?»

«ብትጭንስ ምን ይላታል።»

ዞሬ ቀኝ በሩ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ነጭ ላይ ክብ ተስሏል፣ ክቡ ውስጥ አርባ ሰባት። ከስሩ በጥቁር፣ እንደ ድሮ ሱቅ ታፔላ በተሳለ ፊደል፦ የሺ።

ያምራል። መዋሸት አያስፈልግም።

«ደብዳቤውን አንብቤልዎት ነበር።»

«አንብበሽልኛል።»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ያላለቀ ሥራ ነበረብኝ። ቤቱ ሳይፈርስብኝ፣ ከሦስት ቀን በፊት ጨረስኩት።»

ልጮህባቸው ነበር። ሰዓቴን አየሁና ተውኩት። ሰባት ከአምስት።

«ከስር ያለውንስ? ፋቁት?»

«ከሰማያዊው በታች እጄ አልደረሰም። ወላሂ። ነጩን ከላዩ ነው የረጨሁት።»

«እሺ። ብርጭቆ ወረቀት ይስጡኝ። በውሃ የሚሠራውን፣ ደቃቁን።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ልፍቅበት።»

«ተይው ፀዲ።»

«ጋሽ ዘይኑ፣ ሁለት ሰዓት እንኳን የለኝም።»

«ሰውዬው ይቺን አይቶ ይሂድ። ቁጥሩ አለ፣ ስሙ አለ። ምን ጎደለ?»

«ከሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ለጥፎ ከሚመጣው በምን ተለየን?»

«ያኔም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ታፔላ ጻፊ ጥሩልኝ ሲል የተጠራሁት እኔ ነኝ። እጁ ያው እጅ ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ።»

«እጅዎን አይደለም የሚመረምሩት።»

አልተነሱም። መደርደሪያው ላይ ራሴ ፈልጌ አገኘሁ። ባልዲ ሞላሁ። ጃኬቴን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩ።

*

ብርጭቆ ወረቀት መያዝ የተማርኩት እዚሁ ነው፤ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ይመጣ ነበር። መዳፍሽን ዘርጊ፣ ጣት አትጫኚ፣ ውሃው አይቋረጥ። ከስሙ መጀመሪያ ጀመርኩ፣ «የ» ላይ። ጥቁሩ ሳሳ። ነጩ ወተት ሆኖ በበሩ ላይ ወረደ። የእናቴን ስም በገዛ እጄ እያጠፋሁ ነው። ከስሩ ሌላው ስላለ ምንም አልመሰለኝም።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አለቃዬ። ተውኩት።

«በጣም አትጫኚ» አሉ ጋሽ ዘይኑ ከተቀመጡበት። ሊያግዙኝ አልመጡም፣ ግን ዝም ማለትም አልቻሉም።

«ካልፈለጉ ዝም ይበሉ።»

«ሰማያዊው ስስ ነው። ሲመጣ ወረቀቱን ቀይሪ።»

ሰማያዊው መጣ። ወረቀት ቀየርኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያስፈራው፤ አንዴ ካለፍኩት መልስ የለውም፣ የድሮውንም ይዤው እሄዳለሁ። ሁለት ጊዜ አሽቼ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ አያለሁ። ሁለት ጊዜ አሽቼ፣ እጠርጋለሁ፣ አያለሁ። ውጭ አንድ ግንብ ተናደና አቧራው በጋራዡ መግቢያ ገባ። የመኪናዋን በር በደረቴ ሸፈንኩት።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ስልኬ አራተኛ ጊዜ ነዘረ።

ከሰማያዊው ስር ክሬም ቀለም ብቅ አለ። የድሮው ነው፣ ያረጀ ቅቤ የመሰለ። ከዚያ ጥቁር መስመር። እጄን ቀለል አደረግኩ። ቋሚ መስመር፣ ከዚያ ሌላ። «የ» እንዲህ አይጻፍም። ጠረግኩት። እንደገና አሸሁ። እንደገና ጠረግኩ።

«ማ» ይላል።

ወደ ቀኝ ትንሽ ገፋሁ። «ቲ»።

ቆምኩ። ከጎኑ፣ ያልፋቅኩት ነጭ ላይ የእማዬ ስም ግማሹ ቀርቷል፤ «ሺ»። ከሱ በግራ፣ ከሃምሳ ዓመት በታች፣ «ማቲ»።

«ማነው ይሄ?»

ጋሽ ዘይኑ ሙስበሃውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ማቲዎስ ነው።»

«ማቲዎስ ማነው?»

«የአባትሽ ጓደኛ። ክለቡ ሴት አንመዘግብም አለ። አባትሽ የማቲዎስን ስም ሰጠ፣ እኔም የተሰጠኝን ጻፍኩ። ማቲዎስ ፒያሳ ላይ ሰው እያየው ገብቶ ተቀመጠ። ሰንዳፋ ሲደርሱ ወረደ። እናትሽ እዚያ ትጠብቅ ነበር። ደሴ ደርሳ ሰንዳፋ እስክትመለስ ካርታውን ያነበበችው እሷ ናት። ሰንዳፋ ላይ ደግሞ ተለዋወጡ። ማቲዎስ ጠጅ ቤት ውሎ አድሮ መጥቶ ዋንጫ ተቀበለ።»

«እማዬ ስሜ አለ ነው የምትለው።»

«አባትሽ ነዋ የነገራት። ፓራፋንጎዋ ተጨራምቶ ነበር፣ ከውድድሩ ቀጥታ እኔ ጋ አመጣት። ‹ዘይኑ፣ ላሜራውን ስትጨርስ ይሄን ስም አጥፍተህ የሺ ብለህ ጻፍልኝ› አለኝ። ለሷም አስጽፌዋለሁ ብሏት ገባ። እኔ...» ፂማቸውን ዳበሱ። «እኔ ዛሬ ነገ አልኩ። ሥራ ይበዛል። ጥር ሄደ፣ የካቲት መጣ፣ አገሩ ተቀወጠ። አንድ ቀን አባትሽ እየሮጠ መጣ። ‹ስሙን ተወው፣ ሁሉንም ሰማያዊ አልብሳት› አለኝ። አለበስኳት። እናትሽ ያየቻት ሰማያዊ ሆና ነው።»

«አባዬ እንዳልተጻፈ ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። አሳፍሮት ነው መሰለኝ፣ አልነገራትም። እኔም አልነገርኳት። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቷ ቡና እየጠጣሁ አልነገርኳትም።»

«ለኔስ ለምን አልነገሩኝም? ሦስት ወር ሙሉ ስዞር?»

«ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ሥራውን ብጨርሰው ይሻላል አልኩ። የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት ፀዲ። ዘገየሁ እንጂ።»

ሃምሳ ዓመት የዘገየ ሥራ፣ ሊመረመር ሦስት ቀን ሲቀረው።

ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ያለኝ በር ይህ ነው፤ የድሮው ጽሑፍ ይዋሻል፣ አዲሱ እውነት ነው። ሰውዬው የሚፈልገው የድሮውን ነው።

*

እማዬ ስምንት ተኩል ላይ መጣች። ከአፍንጮ በር በታክሲ፣ ቀሪውን በእግሯ። ስኒከሯ አቧራ ብቻ ነው።

«ሰላም ዘይኑ። ምነው ሁለታችሁም ለቅሶ የመጣችሁ ትመስላላችሁ?»

«እትዬ የሺ፣ ተቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አይደለም የመጣሁት።»

በሩ ጋ ሄደች። መነጽሯን አወጣች። ላስቆማት ፈልጌ አፌን ከፍቼ ነበር። አነበበች። ሁለት ፊደል ለማንበብ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«ማቲዎስ» አለች፣ ሰው እንደምትጠራ።

ጋሽ ዘይኑ ተነስተው ቆሙ። ነገሯት። ለኔ እንደነገሩኝ አይደለም፤ አጠር አድርገው፣ መሬት መሬቱን እያዩ። እማዬ አላቋረጠቻቸውም።

«አስጽፌዋለሁ ነው ያለኝ» አለች።

«አዞኝ ነበር እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተማ መቼ ቀን ጠብቀህ ታውቃለህ። ጥፋቱ የእሱ ነው።» መነጽሯን አጠፈች። «አርባ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን።»

ከዚያ በሩን ከፍታ ገባችና ተቀመጠች። ቀኝ ወንበር ላይ።

መኪና ቆመ ውጭ። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። አቶ መድኃኔ ቀደመ።

*

ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ቦርሳ፣ ባትሪ፣ በክር የታሰረች ማግኔት። ነጩን ቀለም ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ወይዘሮ ፀደንያ፣ ቀለሟ እንዳይነካ ብለን ጽፈን ነበር።»

«ተነክቷል። ከላይ ብቻ ነው። በሩን ይዩት።»

ተንበረከከ። በባትሪ አየ፣ በማግኔቷ ዳሰሰ፣ ጫፉን በጥፍሩ ነካ። የነጩን ውፍረት፣ የሰማያዊውን፣ የክሬሙን። «ማቲ» ላይ ሲደርስ ቆየ። እማዬ በመስኮቱ ቁልቁል ታየዋለች።

«ይሄ የዚያን ጊዜ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ በትክክል የዚያን ጊዜ ነው። ማቲዎስ። ጋሽ ማቲዎስን እኮ እናውቃቸዋለን። ከዚያ ውድድር በሕይወት ያሉት ካርታ አንባቢ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሸልመናቸዋል።» ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። ደስ ብሎታል። «እንኳን ደስ ያላችሁ። መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ይጭናታል። የቀረውን ስም የኛ ሰው ያወጣዋል።»

ቅጽ አወጣ። እዚያው ኮፈኑ ላይ አስደግፎ ሞላ። ነጂ፦ እምሩ። ካርታ አንባቢ፦ ማቲዎስ። ከታች፦ ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። የባለንብረት ፊርማ።

እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ቀላል ነበር። አንድ ጭረት። መኪናዋ ትድናለች፣ እኔም ወደ ቢሮ እሮጣለሁ። ውጭ ኤክስካቫተሩ ሌላ ግንብ ጣለ፣ ጣሪያው ላይ ጠጠር ዘነበ።

«ማቲዎስ አልነበረም» አልኩ። «እሷ ናት።»

አቶ መድኃኔ እማዬን አያት።

«ፀዲ፣ ተይ» አለች እማዬ።

አልተውኩም። ነገርኩት። ክለቡን፣ ሰንዳፋን፣ ሁሉንም። ጋሽ ዘይኑ «ወላሂ እውነት ነው» አሉ። አቶ መድኃኔ በትህትና ሰማ። አንዴም አልሳቀም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

«ማስረጃ አለ እናቴ? ፎቶ፣ የያዙበት ደብተር?»

«ደብተር ነበረኝ። መታጠፊያ በመታጠፊያ። በስልሳ ሰባት እሳት ውስጥ ከተትኩት።»

«እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። በሩ የሚለውን።» አሰበ። «አንድ ነገር ግን ላድርግ። ልደውልላቸው።»

«ለማን?»

«ለጋሽ ማቲዎስ።»

እማዬ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያለ እጇን ሳበች። እሱ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ጠራ፣ ጠራ።

«ሃሎ? ማነው? ጮክ በል፣ ጆሮዬ የለም።»

«ጋሼ፣ መድኃኔ ነኝ ከማህበሩ። ቮልስ አርባ ሰባትን አገኘናት።»

ሳቅ፣ ሳል የቀላቀለ። «አትለኝም። አልሞተችም?»

«አልሞተችም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ላጣራ ነበር። ወይዘሮ የሺ እዚህ አሉ፣ የአቶ እምሩ ባለቤት። ካርታ ያነበቡት እሳቸው እንደሆኑ ልጃቸው ነግራኛለች።»

የቤቱ ሬዲዮ ይሰማል።

«ማቲዎስ፣ አለሁ» አለች እማዬ። ጮክ አላለችም። የሰማ አይመስለኝም ነበር።

«የሺ» አለ ሽማግሌው። ቆየ። «እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ልጁ የጠየቀህን መልስለት።»

ሬዲዮው ማስታወቂያ ይናገራል። ሩቅ ሆኖ አንዲት ሴት «ማነው?» ስትለው ተሰማ፤ ሚስቱ ወይ ልጁ።

«መድኃኔ» አለ። «በሩ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የእርስዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ» አለና ዘጋው።

*

«አልካደም» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «ሰምታችኋል፣ ነበርኩ አላለም።»

«አልነበርኩምም አላሉም» አለ አቶ መድኃኔ። ስልኩን ሲያነሳ አላየኝም። እሱም የሆነ ነገር ገብቶታል፤ ግን ቅጹ ላይ «የሆነ ነገር ገብቶኛል» የሚጻፍበት ቦታ የለም።

«ፈርሚ» አለችኝ እማዬ።

«አልፈርምም።»

«መኪናዋ ትዳን። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ፈርሚና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

«እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ነው የሚለው። ውሸት ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ውሸት ሆኖ ኖሯል፣ ምን ሆነ?»

«ሃምሳ ዓመት ማንም አልጻፈውም። አሁን ሊጻፍ ነው። ከተጻፈ በኋላ የሚፍቀው የለም።»

«ግትር። ነገ ጠዋት ቁራሌው ሲጭናት ያኔ ትፈርሚያለሽ።»

ቅጹን ለአቶ መድኃኔ መለስኩለት። እጄ ላይ ነጭ ቀለም ነበር፣ ጥጉን አቆሸሽኩት።

«የካርታ አንባቢውን ቦታ ባዶ ተወው፣ እፈርማለሁ።»

«ባዶ ቅጽ አይቀበሉኝም።» ተነፈሰ። «ስሚኝ እህቴ። ኮሚቴው ማክሰኞ ይሰበሰባል። ነገሩን ማቅረብ እችላለሁ። በሩን ፎቶ አነሳለሁ፣ የእናትሽን ቃል እቀዳለሁ፣ የእኚህን ሽማግሌም። ጋሽ ማቲዎስ ጋም በአካል እሄዳለሁ፣ ፊት ለፊት እንዲህ አይሉኝም። ግን ማክሰኞ ነው። መኪናዋ ማክሰኞ ድረስ መኖር አለባት። ኮሚቴው ሳይወስን እኛ ግቢ ማስገባት አልችልም።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። በሩን ግን ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይነካው። ነጩም፣ ሰማያዊውም፣ ስሞቹም እንዳሉ። ከተነካ አበቃ።»

ፎቶውን አነሳ። ብዙ አነሳ። ወጣ።

ሦስታችን ቀረን።

«ትነሳለች?» አለች እማዬ።

«ሞተሯማ ትነሳለች። በየወሩ አስነሳታለሁ» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «ፍሬኑ ነው። ይይዛል፣ ግን ቀድመሽ ሦስቴ መምታት አለብሽ።»

«የት ነው የምንወስዳት?» አልኩ።

«የት ይሆናል። ቤት ነዋ።»

«ያንቺ ግቢ በር ጋሪ እንኳን አያስገባም እማዬ።»

«እሱን ስንደርስ እናያለን። ግቢና ንጂ።»

*

ቦሎ የላትም። ፍሬኗ ግማሽ ነው። እኔ ማርሽ ያለው መኪና ከነዳሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ጋሽ ዘይኑ ዲጂኖና መዶሻ ይዘው በራይድ ከኋላችን ናቸው፤ ለምን ዲጂኖ እንደያዙ አልጠየቅኩም።

ከእሪ በከንቱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ነው። ከፊቴ አሸዋ የጫነ አይሱዙ። ፍሬን መታሁ። ምንም። ሁለተኛ መታሁ። ትንሽ።

«ወደ ሁለተኛ ማርሽ» አለች እማዬ።

«አየሁት።»

«አየሁት አትበይኝ። ያልኩሽን መልሰሽ በይ። ካልመለስሽ አልሰማሽም ማለት ነው።»

ሦስተኛ መታሁ። አይሱዙው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀምሬያለሁ።

«ወደ ሁለተኛ» አለች።

«ወደ ሁለተኛ» አልኩና ማርሹን ጎተትኩት። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ አንገቷን ደፋች። ከአይሱዙው አንድ ክንድ ሲቀረን ያዘች።

«ድልድይ፣ ከዚያ ቀኝ ይዘሽ ዳገት። እግርሽን ከነዳጁ አታንሺ።»

«ድልድይ፣ ቀኝ፣ ዳገት።»

ድምፅዋ ሌላ ነው። አይቆጣም፣ አይለማመጥም። መንገዱን አታይም ማለት ይቻላል፤ ከመንገዱ በፊት ያለውን ነው የምታየው። አባቴ ይህን ድምፅ ደሴ ድረስ ሰምቶ፣ ስሟን ሰማያዊ አልብሶ ዝም አለ። ልናደድበት ፈለግኩ፣ መታጠፊያ መጣ።

አራት ኪሎ ላይ መብራት ያዘን። ትራፊክ ፖሊሱ አየን። መጣ። እየተራመደ ሳለ መስታወቱ ላይ ቦሎ ሲፈልግ ዓይኑ ታየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ነጩ ቀለም ሄደ፣ ወደ አሮጊቷ፣ ወደ ተላጠው በር።

«የሰርግ መኪና ናት?»

«አዎ» አለች እማዬ።

«የማን ሰርግ?»

«የኔ።»

ሳቀ። መብራቱ ተለወጠ፣ ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ። በእጁ እለፉ አለን።

«ግራ፣ አምስት ኪሎ» አለች እማዬ፣ ምንም እንዳልሆነ።

«ግራ፣ አምስት ኪሎ።»

*

ስድስት ኪሎን አልፈን አፍንጮ በር፣ የእማዬ ቅያስ ውስጥ ስንገባ አሥር ሰዓት አልፏል። ጎረቤት ወጥቶ ያያል። ቅያሱ ራሱ ጠበበን። የግቢው በር ፊት አቆምኩ። በሁለት ፓራፋንጎና በሁለት ግንብ መሃል ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በያንዳንዱ በኩል አንድ ስንዝር ይተርፋል፣ ከመኪናዋ።

ስልኬ ነዘረ። አለቃዬ መልእክት ልካለች፣ አላነበብኩትም።

ጋሽ ዘይኑ ከራይዱ ወርደው በሩን በስንዝራቸው ለኩ። ግንቡን በመዶሻ ኳ አደረጉት።

«ብሎኬት ነው። ብረት የለውም።»

«ከወረዳ ሳናስፈቅድ ግንብ ካፈረስን ይቀጡናል» አልኩ።

«የዘይኑን ጋራዥ ሲያፈርሱ ማንን አስፈቀዱ?» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ ውረጂና ሳይመሽ እንነጋገር።»

አልወረደችም። ያለ ቀበቶ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ በሩ። ማቲዎስ ግማሹ፣ የሺ ግማሹ ከክርኗ ስር።

«አንድ እርምጃ ወደኋላ» አለች።

«አንድ እርምጃ ወደኋላ» አልኩና ወደኋላ ሄድኩ።

«በቃ። ዘይኑ፣ ከግራው ጀምር። ወደ ቀኙ በኩል ጠጠር እንዳትሰድብኝ።»

ጋሽ ዘይኑ ጃኬታቸውን አወለቁ። አመጡና ከመስኮቱ ጠርዝ በተላጠው በር ላይ አንጠለጠሉት፣ እንዲሸፍነው። ከዚያ ዲጂኖውን አነሱ።

«ዛሬ ነገ አትበል እንግዲህ» አለቻቸው።

«ቢስሚላህ» አሉና ግንቡን ወጉት።